ከአቡነ ዮሴፍ የተወነጨፈች ድንጋይ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ቡናው ገና አቦል ነው፤ ወሬውም ረዘም ይላል። ዛሬ የማወጋችሁ 70 ኪሎ ገደማ ስለምትመዝን፣ በሰከንድ ሰባት ኪሎ ሜትር ተኩል ስለምትምዘገዘግ፣ ሌት ተቀን እየወደቀች ምድር ስለማትነካ አንዲት ሳተላይት ነው።

ዘመኑ 2012 ዓ.ም.፣ ወሩ ታህሳስ፣ ቀኑ 10፣ ዕለቱ ዓርብ። ሰዓቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ22 ደቂቃ። ወልድያ ላይ ፀሐይ ብቅ ልትል ነው፤ መናኸሪያው በር ላይ ረዳቶቹ «ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው!» ማለት ጀምረዋል። በዚያች ሰዓት አዲስ አበባ፣ እንጦጦ ተራራ አናት ላይ ባለው የኅዋ ምርምር ማዕከል፣ የያኔውን ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ደመቀ መኮንንን ጨምሮ ብዙ ሰው ብርዱን ችሎ ስክሪን ላይ ዓይኑን ተክሏል። ስክሪኑ የሚያሳየው ቻይናን፣ የታይዩዋንን የማስወንጨፊያ ጣቢያ ነው። ሎንግ ማርች 4ቢ የተባለው ሮኬት እሳቱን ተፍቶ ተነሣ። በሆዱ የቻይናና የብራዚል የጋራ ሳተላይት አለች፤ ከእርሷ ጋር ተዳብላ የእኛዋ፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ተሳፍራለች። ሮኬቱ ከምድር 628 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ አውርዷት ሄደ።

አሁን ጥያቄው ይመጣል። ክር አላሰራትም፤ ክንፍ የላትም፤ ሞተሯም ጠፍቷል። ማን ያዛት?

ብዙ ሰው «ከምድር ስበት ወጥታ ነዋ!» ይላል። አልወጣችም። በወልድያ ሚዛን ልክ አንድ ኩንታል የሆነ ጤፍ፣ 628 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ ተሠርቶ ጫፉ ላይ ቢመዘን፣ 83 ኪሎ ሆኖ ይከብዳል። ስበቱ እዚያም አለ፤ የቀነሰው 17 እጅ ብቻ ነው። ታዲያ ሳተላይቷ ለምን አትወድቅም ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ አጭር ነው፦ ትወድቃለች። ከዚያች ዓርብ ጀምሮ መውደቅ አላቆመችም።

የሐብሩን ቆላ የምታውቁ፣ ኅዳር ላይ ማሽላው ሲያሽት ልጁ ማማ ላይ ሲወጣ አይታችኋል። ወንጭፍ በእጁ፣ ጠጠር በጎኑ። ወፉ መንጋ ሆኖ ሲወርድ ጠጠሩን ወንጭፉ እምብርት ላይ ያስቀምጣል፤ አንዱን ጫፍ ጣቱ ላይ ያስራል፣ ሌላውን ይጨብጣል፤ በራሱ ላይ ሁለት ሦስቴ አዙሮ የጨበጠውን ይለቀዋል። ጧ! ጠጠሩ ወደፊት ይበራል፤ እየበረረም ጎንበስ እያለ ወርዶ ከማሽላው ውስጥ ይጠፋል። ልብ በሉ፤ ጠጠሩ ከወንጭፉ ከወጣባት ቅጽበት ጀምሮ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ እያደረገ ነው፦ ወደፊት ይሄዳል፣ ወደታችም ይወድቃል።

ይህን ልጅ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ አውጡልኝ። ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፤ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዙር። የአየሩን ግጭት ለጊዜው እንርሳው። መጀመሪያ የወነጨፋት ድንጋይ ግዳን ላይ ወደቀች እንበል። ክንዱ ላይ ጉልበት ጨምሩለት፤ ራያ ቆቦ ደረሰች። ጨምሩለት፤ አፋር በረሃ ገባች። ጨምሩለት፤ ባሕሩን ተሻግራ የመን ወደቀች። መሬት ደግሞ ክብ ናት። ድንጋይቱ በመጀመሪያዋ ሰከንድ ውስጥ የምትወርደው አምስት ሜትር ያህል ነው። የምድር ገጽም ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ከቀጥታው መስመር አምስት ሜትር ያህል ጎንበስ ይላል። እንግዲህ ልጁ በሰከንድ ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ መወንጨፍ ቢችል፣ ድንጋይቱ አምስት ሜትር በወደቀች ቁጥር መሬቱም ከሥሯ አምስት ሜትር ይሸሻታል። ትወድቃለች፤ አትደርስም። ዓለምን ዞራ በጀርባው በኩል ትመጣበታለች፤ ቶሎ ብሎ ዝቅ ይበል!

ይህን ከተራራ አናት የሚወረወር ነገር ያሰበው እንግሊዛዊው አይዛክ ኒውተን ነው፤ እርሱ በመድፍ አሰበው። የስበትን ሕግ ያሰፈረበት መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1687 ነው፤ ጎንደር ላይ ቀዳማዊ ኢያሱ ነግሠው ነበር። አሳቡ በተግባር የታየው ግን ከ270 ዓመት በኋላ፣ መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ሶቪየቶች ሳተላይታቸውን ስፑትኒክን ሲያመጥቁ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ሁሉ፣ የእኛዋም ጭምር፣ በዚያችው በኒውተን ተራራ ሒሳብ ይኖራሉ። ጠፈርተኞች መንኮራኩር ውስጥ ሲንሳፈፉ በቴሌቪዥን የምታዩት እነርሱም ቤታቸውም እኩል እየወደቁ ስለሆነ ነው።

ሮኬት ሽቅብ ሲነሣ ስለምናይ ሥራው ሁሉ መውጣት ይመስለናል። ሽቅብ የሚወጣው ጥቅጥቁን አየር ቶሎ ለማምለጥ ነው። ከዚያ ጎኑን ሰጥቶ ይተኛል፤ አብዛኛውን ነዳጅ የሚጨርሰውም ወደ ጎን በመሮጥ ነው። የእኛዋ ከፍ ብላ ስለምትዞር ፍጥነቷ በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ይበቃታል። ከወልድያ መርሳ ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ ፍጥነት አራት ሰከንድ ነው። ሲሪንቃን አየሁ ሳትሉ አልፋችኋል። ምድርን አንዴ ለመዞር 97 ደቂቃ ይፈጅባታል፤ በቀን 15 ዙር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል።

የጠፈር መንገድ ሁልጊዜ ልክ ክብ አይደለም። ጀርመናዊው ዮሐንስ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1609፣ እኛ አገር በሱስንዮስ ዘመን፣ የፈለክ መንገድ ሞላላ እንደሆነ፣ ቀረብ ሲል እንደሚፈጥን፣ ራቅ ሲል እንደሚዘገይ ጻፈ። ለዚህ የላስታ ሰው ምስክር ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ እሁድ ጠዋት፣ ላሊበላ ላይ ጨረቃ ፀሐይ ፊት ቆመች፤ ግን ሙሉ በሙሉ አልሸፈነቻትም። ዙሪያዋን የእሳት ቀለበት ቀረ። ጨረቃ ያን ዕለት በሞላላ መንገዷ ላይ ለእኛ ከምትቀርብበት ቦታ ርቃ ነበርና ለዓይን በጥቂቱ አነሰች። ቅርብ ብትሆን ኖሮ ቀኑ በጨለመ ነበር።

አሁን ጠፈር ላይ ስላለው መንገድ በጣም የሚያስገርመኝን ልንገራችሁ። ግንቦት 1957 ዓ.ም. አሜሪካኖች ጀሚኒ 4 የምትባል መንኮራኩር አመጠቁ። አብራሪው ጄምስ ማክዲቪት፣ ጓደኛው ኤድ ዋይት። ያወጣቸው የሮኬት አካል ተነጥሎ አጠገባቸው እየዞረ ነበርና ወደ እርሱ እንዲጠጉ ታዘዙ። ማክዲቪት የተካነ የጦር አውሮፕላን አብራሪ ነው፤ አፍንጫዋን ወደ ዒላማው አዙሮ ነዳጅ ሰጣት። ሸሸው። ደግሞ ሰጣት፤ ይብሱን ራቀው። ነዳጁ ግማሽ ያህሉ ሲያልቅ ተውት ተባለ።

ጥፋቱ የእጁ አልነበረም። ፊትህ ያለውን ልትደርስበት ብለህ ስትፈጥን መንገድህ ከፍ ይላል፤ ከፍ ያለ መንገድ ረጅም ነው፣ እዚያም ዝግታ ነው ሕጉ። ስለዚህ የፈጠነው ወደኋላ ይቀራል። ለመድረስ የሚፈልግ ፍሬን ይዞ ዝቅ ማለት አለበት፤ ዝቅ ሲል መንገዱ ያጥራል፣ ፍጥነቱም ይጨምራል፣ ከሥር ቀድሞ ሄዶ ከዚያ ይወጣል። በዚያው የፈረንጆች ዓመት ታህሳስ ላይ ጀሚኒ 6 እና ጀሚኒ 7 ይህን ሒሳብ አክብረው ተገናኙ። ወደ ጨረቃ የተኬደውም፣ ዛሬ ወደ ማርስ የሚኬደውም በዚሁ ብልሃት ነው፤ ወደ ማርስ መንገዱ የሚመቸው በ26 ወር አንዴ ስለሆነ ሁሉም ቀኑን ቆጥሮ ይጠብቃል።

ከፍ ያለው ይዘገያል ካልን፣ ከፍ እያልን ብንሄድ አንድ ቀን ሙሉ የሚፈጅ ዙር ላይ እንደርሳለን ማለት ነው። አዎን፤ ቦታውም ይታወቃል፦ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር። እዚያ ያለ ሳተላይት ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ከታች ለሚያየው ሰው የቆመ ይመስላል። ይህን የወልድያ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል፤ ጣሪያው ላይ ዲሽ አለዋ!

በ2013 ዓ.ም. ኢትዮሳት መጣ ሲባል የነበረውን አስታውሱ። ዲሹ ሁሉ ወደ ናይልሳት፣ ወደ ምዕራብ፣ 35 ዲግሪ ገደማ ቀና ብሎ ነበር የኖረው። ኢትዮሳት የሚተላለፍባት ሳተላይት ደግሞ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ በላይ ናት። ከወልድያ ወደ እርሷ ለማየት ፊትን ወደ ደቡብ ምሥራቅ አዙሮ 65 ዲግሪ ያህል ማንጋጠጥ ነው። ዲሽ ሠሪው ልጅ ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ ቡሎኑን ያላላል፤ እናት ከቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው ይጠብቃሉ።

«እትዬ፣ አሁንስ?»

«የለም ልጄ!»

«አሁንስ?»

«መጣ… መጣ… ኧረ ሄደ! መልሰው!»

በጣት ስፋት ይገፋታል። ጥራቱ ሽቅብ ይወጣል። «እንዳትነካው!» ቡሎኑ ይጠብቃል፤ ከዚያ ወዲያ ንፋስ ወይ ድመት ካልነካው በቀር ዓመት ከዓመት አይንቀሳቀስም። ያ ልጅ በሁለት እጁ የያዘው በሰከንድ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚበር ነገር አድራሻ ነው።

የእኛዋ ኢቲአርኤስኤስ-1 ግን እንዲህ ከሩቅ ቆማ የምታይ አይደለችም። የተላከችው መሬትን ከቅርብ ለማየት ነው፤ ስለዚህ ዝቅ ብላ፣ ከዋልታ ዋልታ ትዞራለች። እርሷ አንዴ ዞራ እስክትመለስ ምድር ከሥሯ ስለምትሽከረከር፣ የሚቀጥለው መንገዷ 2,700 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ፈንጠር ብሎ ያልፋል። እንዲህ እንዲህ እያለች ቀን በቀን መላውን ዓለም ትሸምናለች።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ደረስን፤ በረካውን ቅዱና ስሙኝ። ሐብሩ ላይ ያለ ማሽላ ዘንድሮ ደህና ነው ወይስ ጠውልጓል ብሎ ከሰማይ ለመፍረድ፣ የመስከረሙን ምስል ከጥቅምቱ፣ የዘንድሮውን ከአምናው ማስተያየት ግድ ነው። አንዱ ምስል ረፋድ፣ ሌላው አመሻሽ ላይ ከተነሣ የተራራው ጥላ ይለያያል፤ ጥላ ያረፈበት እርሻ የደረቀ፣ የደረቀውም ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ሳተላይቷ በመጣች ቁጥር በአንድ ሰዓት መምጣት አለባት። ምድር ደግሞ በፀሐይ ዙሪያ በየቀኑ አንድ ዲግሪ ያህል ትራመዳለች። የሳተላይቷ መንገድ እንደተዘረጋ ደርቆ ቢቀር ኖሮ፣ ዛሬ መርሳን ረፋድ ላይ ያለፈችው ከሦስት ወር በኋላ ጎሕ ሳይቀድ በጨለማ ታልፍ ነበር።

ያዳናት የምድር ቅርጽ ነው። ምድር ወገቧ ላይ ወፈር ትላለች፤ ከመሐሏ ወደ ወገቧ ያለው ርቀት ወደ ዋልታ ካለው በ21 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ይህ ውፍረት ሳተላይቷን በየዙሩ በጥቂቱ ጎተት ያደርጋታል፤ የምትዞርበትም መስመር ራሱ ቀስ ብሎ ይዞራል። መስመሩ ከምድር ወገብ ጋር 98 ዲግሪ ያህል እንዲያዘነብል ከተደረገ፣ ዙረቱ በቀን አንድ ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ከምትራመደው ጋር እኩል። አንዲት ጠብታ ነዳጅ ሳይነድ ሳተላይቷ ቀጠሮዋን ዓመቱን ሙሉ ትጠብቃለች። መሐንዲሶች የምድርን ጉድለት ለራሳቸው ሥራ ያዋሉበት ይህ ብልሃት፣ በዚህ ሙያ ውስጥ ካሉት ሁሉ ለእኔ የመጀመሪያው ነው።

ይህ ቅርጽ በጥልቀት የተለካው ደግሞ ራሳቸውን ሳተላይቶቹን በመከታተል ነው፤ በዚያ ሥራ አገራችን እጅ አላት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካው ስሚዝሶንያን የሥነ ፈለክ ተቋም ደብረ ዘይት፣ የዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ ላይ ቤከር-ነን የሚባለውን ግዙፍ ካሜራ ተክሎ ነበር። ሌሊት ሌሊት፣ የምታልፈውን ሳተላይት ከጀርባዋ ካሉት ከዋክብት ጋር አንድ ላይ ፎቶ ያነሣታል። ኮከቡ ቦታው ይታወቃል፤ ሳተላይቷ ከተጠበቀችበት ስንት እንደተዛነፈች ይለካል፤ መዛነፏ የምድርን ስበት አለመስተካከል ይናገራል። የደብረ ዘይቱ ልኬት በሌሎች አገሮች ካሉት ጣቢያዎች ጋር ተደምሮ የምድር መልክ ተሠራ።

ሐምሌ 1964 ዓ.ም. ላንድሳት 1 የተባለችው የአሜሪካ ሳተላይት በዚህ ቀጠሮ በሚያስጠብቅ መንገድ ላይ ተሰማራች፤ በ18 ቀን አንዴ ወደ አንድ ቦታ እንድትመለስ ሆና። ዓመቶቹን አስተውሉ። 1965 እና 1966፣ ወሎ በረሃብ ያለቀበት ነው። የምድርን ልምላሜ የሚያይ ዓይን ሰማይ ላይ ነበረ፤ ምስሉን አንብቦ «ወሎ ዘንድሮ አልዘነበላትም» ብሎ የሚጮህ ሥርዓት ግን ገና አልተሠራም። ሰባ ሰባትም ደገመን። መርሳም ቆቦም ኮረምም ያየውን እዚህ ከተቀመጣችሁት ሽማግሌዎች በላይ እኔ አልተርክም። ከዚያ መከራ በኋላ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ያቋቋመው። መሣሪያው የአየር ጠባይ ሳተላይቶች ነበሩ። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፣ ዓይናችን የማያየውን ታህተ ቀይ ብርሃን ይመልሳል፤ የጠወለገው እንዲያ ማድረግ ያቅተዋል። የሁለቱን ልዩነት በየአሥር ቀኑ ማስላት ነው፤ ቀዬው ሳይራብ አስቀድሞ ቁጥሩ ይናገራል። ቁጥሩ ሰሚ ሲያገኝ ሰው ይድናል። የራሳችን ሳተላይት ያስፈለገችን ለዚህ ነው፤ እኔም ይህን ሁሉ የማወራው ስለዚሁ ነው።

ኢቲአርኤስኤስ-1 ለሁለት ዓመት እንድታገለግል ነበር የታቀደችው። በዓመቱ፣ ታህሳስ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ዘጠኝ ኪሎ ያህል የምትመዝን ሁለተኛ እህት ተከተለቻት። ሁለቱ በሚዞሩበት ከፍታ ያለው አየር ስስ ነው፣ ግን ጨርሶ ባዶ አይደለም፤ ፀሐይ ስትቆጣ ያብጣል፣ ሳተላይቱን እያሸ ፍጥነቱን ይሰርቃል። 400 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው፣ አንዳንድ ምሽት ወልድያ ላይ ደማቅ ኮከብ መስሎ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ሰማዩን የሚያቋርጠው የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ፣ በየጊዜው በሞተር ወደ ላይ ካልተገፋ ይወርዳል። የእኛዋ ኢቲአርኤስኤስ-1ም ከብዙ ዓመት በኋላ ወርዳ አየር ውስጥ ትነዳለች።

ተማሪ ልጆች እዚህ ካላችሁ፣ ደብተር አውጡ፤ ይህ ሒሳብ የአሥረኛ ክፍል ነው። ከምድር መሐል እስከ ኢቲአርኤስኤስ-1 መንገድ 7,006 ኪሎ ሜትር ነው፣ ዙሩ 97.3 ደቂቃ። ዲሻችሁ የሚያያት ሳተላይት ከምድር መሐል 42,164 ኪሎ ሜትር ላይ ናት። ትልቁን ለትንሹ አካፍሉ፤ 6.02 ይመጣል። ሦስት ጊዜ ራሱን በራሱ አባዙት፤ 218። ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ፤ 14.76። በ97.3 አባዙት፤ 1,436 ደቂቃ። ወደ ሰዓት ስትቀይሩት 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ይሆናል፤ ምድር በዛቢያዋ አንዴ የምትዞርበት ጊዜ። ኬፕለር የተወልን ሦስተኛው ሕግ ይኸው ነው።

አሁን በዚያው መንገድ ጨረቃን ሥሩ። ርቀቷ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ነው። 27 ቀን ተኩል ገደማ ታገኛላችሁ፤ ትክክለኛው 27.3 ነው፤ ጥቂቷ ልዩነት ጨረቃ ራሷ ከባድ ስለሆነችና እርሷም ምድርን ስለምትስብ የመጣች ናት። «ወር ግን 29 ወይ 30 አይደለም እንዴ?» የሚለኝ ልጅ ካለ ጎበዝ ነው። ጨረቃ ዙሯን ስትጨርስ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ተራምዳ ትጠብቃታለች፤ ጨረቃ ዳግም ከፀሐይና ከምድር ጋር በአንድ መስመር ለመቆም ሁለት ቀን ከምናምን ትጨምራለች፤ 29 ቀን ተኩል ይሆናል። አሥራ ሁለቱ ወር 354 ቀን ነው፣ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያንሳል። መሪጌታው በባሕረ ሐሳብ አበቅቴ እያለ የሚይዛት 11 ቀን ይህችው ናት፤ የመርሳው ሼኽ ረመዳንን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብለው የሚይዙትም በእርሷው ነው።